የማንን ምስጢር ልትጠብቅ ነው?



የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ከመግሪብ በኋላ መስጂድ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ አንድ ወጣት መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ስልኩን አውጥቶ አንድ ደብዳቤ አሳየኝ። አውሮፓ ካለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የተላከ ነው። ለአራት ዓመት የዶክትሬት ተመራማሪ አድርገን ተቀብለንሃል፣ ደመወዝህ ይህን ያህል ነው፣ ሐሳብህን በሦስት ሳምንት ውስጥ አሳውቀን ይላል። የምርምሩ ዘርፍ ኳንተም ኮሙኒኬሽን ነው።

“ማሻአላህ! ታዲያ ምን ያስጨንቅሃል?” አልኩት።

ደብዳቤውን በጣቱ ወደ ታች ገፋ አድርጎ አንዲት መስመር አሳየኝ። የፕሮጀክቱ ገንዘብ ከሁለት ወገን እንደሚመጣ ትገልጻለች፤ አንዱ የአገሪቱ የምርምር ድጋፍ ተቋም፣ ሌላው የመከላከያ ሚኒስቴሯ።

“ኡስታዝ፣ ይሄ ሥራ ሐላል ነው?”

ስሙን አልጠቅስም። ይህን እንድጽፍ ግን ፈቅዶልኛል፤ ከመለጠፌ በፊትም አንብቦታል። አባቱን በልጅነቱ ያጣ፣ እናቱ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንዲት ሱቅ ሦስት ልጆች ያሳደጉ፣ ፊዚክስ በጥሩ ውጤት ጨርሶ በተማረበት ግቢ ረዳት መምህር የሆነ ልጅ ነው። የረዳት መምህር ደመወዝ ወሩን እንደማያደርስ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

እኔም ፈጥኜ መለስኩለት። “የጦር ገንዘብ ካለበት ሹብሃ አለው። ተወው፣ አላህ የተሻለ ይተካልሃል” አልኩት። ምንም አላለም። ስልኩን ኪሱ ከተተ፣ ዒሻ አብሮኝ ሰገደና ሄደ።

ያን ሌሊት ነገሩ ከነከነኝ። ኪታብ ስንቀራ ቀድመው ከሚያስተምሩን ነገሮች አንዱ አንድን ጉዳይ በቅጡ ሳይረዱ ፍርድ እንደማይሰጥበት ነው። ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተምሬአለሁ፤ ስለ ኳንተም ኮሙኒኬሽን ግን ከስሙ በቀር የማውቀው አልነበረም። እሱ አራት ዓመቱን ሊሰጥበት ያሰበውን ነገር እኔ አንድ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ዘጋሁበት። ደግሞ መልሴ እኔን ምንም አያስከፍለኝም። በማግስቱ ደወልኩለትና “ትናንት ያልኩህን ርሳው። ና፣ መጀመሪያ ሥራው ምን እንደሆነ አስተምረኝ” አልኩት።

ሦስት ምሽት አስተማረኝ። የገባኝን ያህል ላካፍላችሁ፤ ይህን ሳይይዙ የሚቀጥለውን መመዘን ስለማይቻል ትንሽ ታገሡኝ።

ዛሬ በስልካችን የምንላላከው መልእክትም ሆነ የባንክ ሒሳባችን በአብዛኛው የሚጠበቀው በከባድ ሒሳብ ነው። መቆለፉ ቀላል፣ ያለ ቁልፍ መክፈቱ ግን ዕድሜ የሚፈጅ ዓይነት ሒሳብ። በ1994 ፒተር ሾር የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ በቂ አቅም ያለው የኳንተም ኮምፒውተር ቢገኝ በሰፊው ከምንጠቀምባቸው ቁልፎች ዋና ዋናዎቹን ሊፈታ እንደሚችል አሳየ። ያን የሚያህል ኮምፒውተር ገና የለም። ነገር ግን ዛሬ የተቆለፈ መልእክት ጠልፎ፣ ቀድቶ አስቀምጦ፣ ቀኑ ሲደርስ መክፈት ይቻላል። የአንዲት ሴት የሕክምና መዝገብ ወይም በችሎት የመሰከረ ሰው ስም ደግሞ ከሃያ ዓመት በኋላም ምስጢር ነው።

ቻርለስ ቤኔትና ዢል ብራሳር በ1984 ያቀረቡት መንገድ በሒሳብ ክብደት ሳይሆን በብርሃን ተፈጥሮ ላይ ይመካል። ላኪው የብርሃን ቅንጣቶችን፣ ፎቶኖችን፣ አንድ በአንድ ይልካል። እያንዳንዱ ፎቶን የሚርገበገብበት አቅጣጫ አለው፤ ቁም፣ አግድም፣ ወደ ቀኝ ያጋደለ ወይም ወደ ግራ ያጋደለ። ተቀባዩ ሁለት መለኪያ ይዟል፤ አንዱ ለቁምና ለአግድም፣ ሌላው ላጋደሉት። የሚመጣው ፎቶን የትኛው እንደሆነ ስለማያውቅ በዕጣ ይመርጣል። የሚገጥመውን ከመረጠ ትክክለኛውን ያነባል፤ ካልገጠመለት የሚያነበው ሳንቲም እንደመወርወር ነው። ኋላ ላይ ሁለቱ በግልጽ መስመር፣ ማንም እየሰማቸው፣ የተጠቀሙበትን የመለኪያ ዓይነት ብቻ ይነጋገራሉ። ያልገጠመውን ይጥላሉ። የቀረው ግማሽ ያህሉ ቁልፍ ይሆናቸዋል።

መሀል ላይ ሰላይ ቢገባስ? ፎቶኑን ሳይለካ ምንም አያውቅም። ሲለካው ደግሞ በማይገጥመው መለኪያ የነካው ይለወጣል። ቅጂውን ለራሱ አስቀርቶ ዋናውን እንዳያሳልፍ፣ ያልታወቀን የኳንተም ሁኔታ ፍጹም አድርጎ መቅዳት እንደማይቻል በ1982 ተረጋግጧል። ሰላዩ እያንዳንዱን ፎቶን ጠልፎ፣ ለክቶ፣ መልሶ ቢልክ ከቁልፉ ሩብ ያህሉ ስህተት ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ላኪና ተቀባይ ከቁልፉ ጥቂቱን አውጥተው ያስተያያሉ። ስህተቱ ከበዛ ቁልፉን ጥለው እንደገና ይጀምራሉ። እስከዚህ ድረስ ግን ምንም ምስጢር አልተነገረም። ምስጢሩ የሚነገረው ጆሮ የጣለ አለመኖሩ ከታወቀ በኋላ ነው።

ይህን ሲያስረዳኝ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ የዘገቡት ሐዲስ ትዝ አለኝ። አንድ ሰው እያጫወተህ ዞር ዞር ብሎ ካየ ንግግሩ አንተ ዘንድ አማና እንደሆነ የሚያስተምረው ነው። “ለማንም አትንገር” እስኪልህ አትጠብቅም፤ አስተያየቱ ብቻ ይበቃል። “እነዚህ ሰዎች ብርሃንን ዞር ብሎ ማየት አስተማሩት በለኛ” አልኩት። ሳቀ።

ከዚያ ልጁ ነገሩን ሊጨርሰው ፈለገ። “ታዲያ ግልጽ ነው ኡስታዝ። ስለላ ሐራም ነው። እኔ የምሠራው ስለላን የሚከላከል ነው። ገንዘቡ ከየትም ይምጣ፣ ሥራው መልካም ነው።”

እውነቱን ለመናገር እኔም ወደዚያው አጋድዬ ነበር። ሱረቱል ሑጁራት 12ኛዋ አንቀጽ መሰለልን ከሐሜት ጋር አንድ ላይ ትከለክላለች። ኢማሙል ገዛሊ በኢሕያእ ያነሱት የዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ታሪክም አለ። ኸሊፋው ግድግዳ ዘለው አንድን ሰው በወንጀል ላይ ቢያገኙት ሰውዬው መልሶ ሞገታቸው፤ እኔ በአንድ ነገር ጌታዬን ባምፅ እርስዎ በሦስት አምፀዋል፣ ሰልለዋል፣ በበሩ አልገቡም፣ ሳያስፈቅዱና ሰላምታ ሳያቀርቡ ገብተዋል የሚል ሙግት። ዑመርም ተውበት እንዲያደርግ ነግረውት ትተውት ወጡ። አነስ ኢብኑ ማሊክም (ረ.ዐ) ልጅ ሳሉ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለጉዳይ ልከዋቸው ሲዘገዩ እናታቸው የት ቆየህ አሏቸው። ምስጢር ነው ብለው መለሱ። እናትየዋም አልተቆጡም፤ ያንን ምስጢር ለማንም እንዳትናገር ብለው አጸኗቸው። ሐዲሱ በሙስሊም ተዘግቧል። እዚህ ፔጅ ላይ እናት የልጇን ስልክ መበርበር ትችላለች ወይ ብላችሁ የምትጠይቁኝ ይህን ታሪክ ደጋግማችሁ አስቡት፤ የዛሬው ጉዳዬ ግን እሱ አይደለም።

በነገራችን ላይ፣ ሙስሊሞች ሁሉን ነገር ቀድመው ሠርተዋል የሚሉ ጽሑፎችን የምታጋሩ ወጣቶች አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ የነበረው አል ኪንዲ ስለ ምስጢራዊ ጽሑፍ ያዘጋጀው ሥራ በዘርፉ ከሚታወቁት ሁሉ ቀዳሚው ነው። ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ያስተማረው ፊደላት በጽሑፍ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገሙ ቆጥሮ የሌላ ሰው የተቆለፈ ጽሑፍ የሚከፈትበትን ዘዴ ነው። ኩራታችን ቁልፍ ሠሪ ብቻ አይደለም፤ ቁልፍ ሰባሪም አለበት።

ወደ ልጁ ልመለስ። መልሱን እንዳልቀበል ያደረገኝ የሓጢብ ኢብኑ አቢ በልተዓ (ረ.ዐ) ደብዳቤ ነው። በስምንተኛው ዓመተ ሂጅራ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ መካ ሊዘምቱ ሲዘጋጁ ሓጢብ ለቁረይሾች የሚያስጠነቅቅ ደብዳቤ በአንዲት ሴት እጅ ላኩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዐሊንና ጓዶቻቸውን አስከትለው ደብዳቤው ከሴትየዋ ሹሩባ ውስጥ ወጣ። እንግዲህ ያ ደብዳቤ የተደበቀ፣ የግል፣ በአደራ የተሰጠ መልእክት ነበር። ሆኖም ተጠለፈ፤ መጠለፉም ትክክል ነበር። የብዙ ሰው ነፍስ በላዩ ተንጠልጥሎ ነበርና። ሓጢብም ዘመዶቻቸው መካ ውስጥ ጠባቂ እንደሌላቸው ተናግረው ይቅርታ አገኙ።

ስለዚህ ምስጢር በመሆኑ ብቻ የሚከበር ምስጢር የለም። የምስክር ስም ምስጢር ነው፤ ነገ ሌሊት የሚደበደበው መንደር ስምም ምስጢር ነው። ያው ፎቶን ሁለቱንም እኩል ይጠብቃል። ፊዚክሱ አንድ ሰው እንዳዳመጠ ይነግርሃል እንጂ የሚያዳምጠው ሌባ ይሁን ነፍስ አዳኝ አይነግርህም። ልጁ ይህን ስነግረው ዝም አለ። ቆይቶ “እናቴም እንደዚህ ነው ያለችኝ” አለ። በስልክ ሥራው ምን እንደሆነ ጠይቀውት ኖሯል። የሰው ምስጢር እንዳይሰረቅ የሚያደርግ መሣሪያ ላይ ነው ቢላቸው፣ ለደንበኛ ስኳር እየመዘኑ “የማን ሰው?” አሉት። መልስ ሳይሰጣቸው ስልኩ ተቋረጠ።

ታዲያ ምን እንበለው? ፉቀሃዎቻችን ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ጉዳይ ከጥንት ጀምሮ አንስተዋል። ጠጅ ለሚጠምቅ ሰው ወይን መሸጥ ይቻላል? ማሊኪዎችና ሐንበሊዮች ገዢው ምን እንደሚያደርግበት እያወቅህ አትሽጥ ይላሉ። አቡ ሐኒፋ ጭማቂውን መሸጥ ፈቅደዋል፤ ወንጀሉ ከተለወጠ በኋላ በጠጪው ምርጫ የሚመጣ ነው በማለት። ሁለቱ ታላላቅ ተማሪዎቻቸው ግን አልወደዱትም። ለዛሬው ጉዳያችን የጠቀመኝ ደግሞ እዚያው ሐነፊዎች ዘንድ ያለ ሌላ መስመር ነው። በፊትና ጊዜ ለፊትና ሰዎች የጦር መሣሪያ መሸጥን ይጠላሉ፤ ብረት መሸጥን ግን እንደዚያ አያዩትም። ሰይፉ እንዳለ ይመታል። ብረቱ ገና ማረሻም ምስማርም ሊሆን ይችላል። ወሎ ውስጥ ሐነፊ ፊቅህ ለቀራ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

ልጁን የጠየቅሁት ይህንኑ ነው፤ የምትሠራው ብረት ነው ወይስ ሰይፍ? ፎቶን እንዴት ሳይጠፋ ሩቅ እንደሚሄድ የሚያጠና ሰው ብረት ላይ ነው ያለው። የአንድን ጦር ድሮን ከማዘዣው ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ የሚገጣጥም ሰው ግን ለማን፣ በማን ላይ የሚለውን ሳይጠይቅ እጁን መታጠብ አይችልም። ገንዘቡ ከመከላከያ መምጣቱ ብቻውን ሥራውን ሰይፍ አያደርገውም፤ እኔ በመጀመሪያው ምሽት የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ከሲቪል ተቋም መምጣቱም ብቻውን ንጹሕ አያደርገውም።

እዚህ ላይ ልጁ ያላሰብኩትን ነገር አስተማረኝ። የኳንተም ቁልፍ “ማንንም ሳታምን የምትጠቀምበት” ተብሎ ይሸጣል። እውነቱ ግን ብርሃን በፋይበር ውስጥ ሲጓዝ ይጠፋል፤ በተለመደው ፋይበር 100 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ የሚደርሰው ከመቶ አንዱ ያህል ነው። ፎቶኑን ደግሞ እንደ ሌላው ምልክት መሀል ላይ አጉልቶ ማሳለፍ አይቻልም፤ መቅዳት ስለሚሆን። ስለዚህ መንገድ ላይ ጣቢያዎች ይሠራሉ። በእያንዳንዱ ጣቢያ ቁልፉ ይከፈትና ለሚቀጥለው እንደገና ይቆለፋል። ቻይናዎች ከቤጂንግ እስከ ሻንጋይ የዘረጉት 2,000 ኪሎ ሜትር ያህል መስመር 32 እንደዚህ ዓይነት ጣቢያዎች አሉት። ስማቸው በዘርፉ ቋንቋ “የታመኑ ጣቢያዎች” ነው። በ2016 ወደ ሰማይ የተላከችው ሚሲየስ የተባለችው ሳተላይታቸው በ2017 ቤጂንግንና ቪየናን ስታገናኝ ራሷ እንደዚያ ያለች የታመነች ጣቢያ ነበረች፤ ሁለቱንም ቁልፍ ታውቅ ነበር። በ2020 ግን ሳተላይቷን ማመን ሳያስፈልግ በ1,120 ኪሎ ሜትር ርቀት ቁልፍ መለዋወጥ እንደሚቻል ያው ቡድን አሳየ። የቡድኑ መሪ ፓን ጂያንዌይ የዶክትሬት ትምህርቱን የጨረሰው ቪየና ነው፤ አስተማሪው አንቶን ዛይሊንገር በ2022 የፊዚክስ ኖቤል ከተሸለሙት ሦስቱ አንዱ ነው።

ሠላሳ ሁለት ክፍሎች አስቡ። በእያንዳንዱ ውስጥ በሩን የሚዘጋ፣ ሲመሽ ተራ የሚይዝ፣ ደመወዙ የሚያንስበት ወይም የማያንስበት ሰው አለ። ፊዚክሱ እዚያ በር ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የሰውየው አማና ነው።

መሣሪያውም ቢሆን ወረቀት ላይ እንዳለው አይደለም። በ2010 ኖርዌይ፣ ትሮንድሃይም ያሉ ተመራማሪዎች ገበያ ላይ የነበሩ የኳንተም ቁልፍ መሣሪያዎችን መቁጠሪያ በደማቅ ብርሃን አሳውረው ምንም ዱካ ሳይተዉ ቁልፉን ማወቅ እንደሚቻል አሳዩ። ከማሳተማቸው በፊት ለአምራቾቹ ተናግረዋል። የአሜሪካ የብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲም ድክመቶቹ ካልተፈቱ በቀር ይህን ዘዴ ለአገሪቱ የደኅንነት መረቦች እንደማይመክር በይፋ ገልጿል፤ በነሐሴ 2024 በአውሮፓውያን አቆጣጠር አሜሪካ ያጸደቀቻቸው ሦስት አዳዲስ ደረጃዎችም በሒሳብ የሚሠሩ ናቸው። ስለዚህ “ማንም አይሰብረውም” እያሉ ገንዘብ መጠየቅ ራሱ አንድ የሐቅ ጥያቄ ነው። ልጁ በማመልከቻው ያንን ቃል ጽፎት ነበር፤ ሁሉም ስለሚጽፈው። “መልሰህ ብትጽፈው ምን ትላለህ?” አልኩት። አስቦ “በጥሩ ሁኔታ ከተሠራ ለመስበር በጣም ይከብዳል እላለሁ” አለ። ያኛው ይሻላል፤ ዕድል ባያሰጥም ይሻላል።

ሦስተኛው ምሽት ላይ ፕሮፌሰሩን እንዲጠይቅ መከርኩት። ውጤቱ በግልጽ ይታተማል? ገንዘብ ሰጪው ጽሑፍ የማስቀረት መብት አለው? እኔ የምሠራው ክፍል ወዴት ይሄዳል? መጠየቅ መብት ነው፣ ማንም ተመራማሪ ይጠይቃል አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝና “ኡስታዝ፣ ስሜን ያውቁታል አይደል? ከየት እንደመጣሁም ያውቃሉ። ሌላው ልጅ ቢጠይቅ ጠንቃቃ ነው ይሉታል። እኔ ስለ መከላከያ ገንዘብ ስጠይቅ ምን ይሉኛል?” አለ።

መልስ አልነበረኝም። እናንተ ውጭ አገር የምትኖሩት ይህ ፍርሃት ከየት እንደሚመጣ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ሪዝቅ ከአላህ ነው ማለት እውነት ነው፤ ግን ሊቋረጥ የሚችለው የእኔ እንጀራ ሳይሆን የሱ ሲሆን ያን እውነት ቀለል አድርጌ ለመናገር አፈርኩ። ያልኩት ይህን ብቻ ነው፤ “ዛሬ ለመጠየቅ ከፈራህ፣ ሁለት ዓመት ከቆየህና ቪዛህ ከሥራው ከታሰረ በኋላ ትጠይቃለህ ብዬ አላምንም።” አብረን ተቀምጠን ደብዳቤውን ጻፍን። ሃይማኖትም ፖለቲካም የለበትም፤ አንድ ተመራማሪ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ላከው።

ዘጠኝ ቀን ምንም አልመጣም። በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት እኔም እንቅልፌ ቀነሰ። ቦታውን ቢያጣ አጥፊው እኔ ነኝ ብዬ አስብ ነበር፤ እናቱን መንገድ ላይ ባገኝ ምን እላለሁ ብዬም።

በአሥረኛው ቀን መልሱ መጣ፤ ትሑትና ግልጽ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፉ ለሕዝብ ክፍት ነው። ውጤቶች ይታተማሉ። ገንዘብ ሰጪው ግን ማንኛውንም ጽሑፍ ከመታተሙ ስልሳ ቀን በፊት ያያል፤ እንዲዘገይ የመጠየቅ መብትም አለው። ለጦር ሜዳ የሚሆን መሣሪያ የሚገጣጥም ሌላ ቡድን አለ፤ እሱ ውስጥ የመሥራት ግዴታ የለበትም።

ኢስቲኻራ ሰገደ። እኔም የመጀመሪያውን መልሴን ሽሬ ሂድ አልኩት። አስተያየቴ ዛሬም ያው ነው፤ ክፍት የሆነ፣ የሚታተም፣ ብረት የሆነ ምርምር ላይ መሥራት ይፈቀድለታል፤ የኛ ልጆችም ከዚህ ዕውቀት ርቀው የሚያተርፉት ነገር አይታየኝም። ከዚህ የተለየ የሚሉ ዑለሞች እንዳሉና ክርክራቸውም ዋጋ እንዳለው አውቃለሁ። ከገንዘብ ሰጪው አንዱ ጦር ሠራዊት መሆኑ እኔንም ሙሉ በሙሉ አያሳርፈኝም። ሲሄድ አንድ ነገር ብቻ አደራ አልኩት፤ ከመጀመሪያው ደመወዝህ ጀምሮ የሦስት ወር መኖሪያ የሚሆን ገንዘብ ለብቻ አስቀምጥ። ቤት ኪራይ ያስጨነቀው ሰው እምቢ ማለት ይከብደዋል። በኋላ እንደነገረኝ እስኪያጠራቅም ስምንት ወር ፈጀበት፤ ለእናቱም እየላከ።

ይህን ዛሬ የጻፍኩት ባለፈው ወር ስለደወለልኝ ነው። ፎቶን የሚቆጥሩት መሣሪያዎች አንዳንዶቹ ሲቆጥሩ ራሳቸው ጥቂት ብርሃን ወደ ኋላ ይተፋሉ፤ ይህ በዘርፉ የታወቀ ነው። እሱ ግን አንድ ዓይነት መሣሪያ ላይ የሚያፈተልከው ብርሃን አምራቹ ከሚለው በላይ ሆኖ አገኘው። ያንኑ መሣሪያ ሌሎች ሰዎች በሥራ ላይ እየተጠቀሙበት ነው። ጽሑፉን አዘጋጀ፣ ለገንዘብ ሰጪው ተላከ፣ በሃምሳኛው ቀን ላይ ለጊዜው ይዘግይ የሚል መልስ መጣ። ምክንያት አልተጻፈበትም፤ እስከ መቼ እንደሆነም አይልም።

“ይሄ ነውርን መሸፈን ነው ወይስ ማታለል?” አለኝ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ውስጥ አንድ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ከተው ውስጡን ረጥቦ ሲያገኙት፣ ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ አላደረግከውም ብለው ነጋዴውን ጠይቀዋል። የሰውን ነውር መሸፈን በሰውየው ገመና ላይ ነው፤ ሌሎች አምነው የሚገዙት ዕቃ ላይ ያለ ነውር ግን ሽፋን አይገባውም። በሌላ በኩል፣ አምራቹ እስኪያስተካክል ጥቂት መቆየት ራሱ አደራ መጠበቅ ነው፤ የትሮንድሃይሞቹም ለአምራቾቹ ቀድመው ነግረዋል። ልዩነቱ ያለው መዘግየቱ ክፍተቱን ለመድፈን ነው ወይስ አንድ ሰው ክፍተቱን እንዲጠቀምበት የሚለው ላይ ነው። ከመጣለት መልስ ግን ያንን ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ እንደገና ደብዳቤ ጻፍን፤ በዚህኛው እሱ ጻፈ፣ እኔ በስልክ ሰማሁ። አምራቹ ያውቃል ወይ ይላል። ካላወቀ እኔ እንድነግረው ይፈቀድልኝ ይላል። የማይፈቀድ ከሆነ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠኝ ይላል።

ማክሰኞ ላከው። ሦስት ወር የሚያኖረው ገንዘብ አሁንም እንዳለ ጠየቅሁት፤ እህቱ ስታገባ ግማሹን ልኮታል። መልሱ ገና አልመጣም። ዛሬ ጁሙዓ ነው፤ ከዐስር በኋላ ባለችው ሰዓት በዱዓችሁ አስቡት።

ወላሁ አዕለም።